የተሳቢዋ ካሜራና የቦርደዴዋ ላም

ባለቤቴ ወደፊት ሲነዳ ጎበዝ ሾፌር ነው። ከጭሮ እስከ ሂርና ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ጫት የጫኑ መኪኖች እንደ ጥይት በሚተኮሱበት ሰዓት እንኳ፣ እያንጎራጎረ ይነዳዋል። ችግሩ ወደ ኋላ ነው። የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ዜማው ይቋረጣል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ወደ እኔ ዞሮም "አንቺ፣ ውረጂና ምሪኝ" ይላል።

እኔና እሱ በጭሮ ከተማ ድንኳን፣ ወንበርና ጄኔሬተር እናከራያለን። ኒካህ ሲታሰርም፣ ሰርግ ሲደገስም፣ ሰው ሲሞትም የምንጠራው እኛ ነን። ዕቃውን የምናመላልሰው በአንዲት አሮጌ ነጭ ፒካፕና እዚሁ ከተማ ብየዳ ቤት ባሠራናት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነው። ወንበሮቹ ተሳቢዋ ላይ ሲደራረቡ ከፒካፗ ጣሪያ በላይ ይወጣሉ። በመሃል መስታወት የሚታየው ወንበር ነው፤ በጎን ስፖኪዮ የሚታየውም የወንበር እግር።

ተሳቢ ጎትቶ ወደ ኋላ ሄዶ የማያውቅ ሰው "ይሄ ምን ችግር አለው?" ሊል ይችላል። ችግሩ እንዲህ ነው፤ ተሳቢዋ ወደ ቀኝ እንድትሄድልህ ከፈለግህ መሪውን ወደ ግራ ታዞራለህ፤ ወደ ግራ ከፈለግሃት ደግሞ ወደ ቀኝ። ይህን ማወቅ ቀላል ነው። ሰው ከብቦህ፣ የሙሽራው አባት ሰዓቱን እያየ፣ አንድ ጎማህ ቦይ አፋፍ ላይ ሆኖ ማስታወስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ከኋላ ቆሜ የምመራው እኔ ነበርኩ። "ና! ና! ግራ ስበር! መልስ! ና! ያዝ!" እያልኩ በብዙ ሰው ደጃፍ ጮሄያለሁ። ብቻዬን ብጮህ ደግሞ መልካም ነበር። የአገራችን ሰው ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ባለባጃጁ ባጃጁን አቁሞ ይመራል። ጫት ሻጯ ከተቀመጠችበት ሆና ትመራለች። አንዱ "ና!" ሲል ሌላው በኦሮምኛ "ኮቱ! ኮቱ!" ይላል፣ ሦስተኛው የተሳቢዋን ብረት በመዳፉ እየመታ "አለህ፣ ገና አለህ!" ይላል፤ ቦታው አልቆ ተሳቢዋ ግድግዳ ልትነካ ስትልም እንኳ። ባለቤቴ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የሚለየው የእኔን ድምፅ ብቻ ነበር። በእሱም ያምን ነበር።

ሂርና ላይ ያ ድምፅ ከዳው።

ጉንፋን ይዞኝ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። የሰርጉ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ለእንግዶች ተብሎ አዲስ ቆርቆሮ የተመታለት መጸዳጃ ቤት አለ፤ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት። ተሳቢዋ ወደዚያ ስትጠጋ "ያዝ!" ብዬ ጮህኩ። የወጣው ግን ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነበር። ተሳቢዋ ቀስ ብላ ሄዳ በሩ ላይ ተለጥፋ ቆመች። ቆርቆሮው እንኳ አልተጎዳም። ባለቤቴ ወርዶ አየና "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም" ሲል፣ ከውስጥ ሰው አሳለ።

የሙሽራዋ አያት ነበሩ።

"ማነው?" አሉ።

"እኛ ነን አባባ። ድንኳን ያመጣን ነን" አለ ባለቤቴ።

ሽማግሌው ከውስጥ በሩን ገፋ ገፋ አደረጉ። "ድንኳኑን እዚህ ነው የምትተክሉት?"

"የለም አባባ፤ ይቅርታ ያድርጉልን፣ አሁኑኑ እናነሳዋለን" ብሎ ሮጦ ገባና ቁልፉን አዞረ። ፒካፗ አንዴ አጉረመረመችና ጸጥ አለች። ባትሪዋ ሞቷል። ያኔ ሽማግሌው ከላይ ባለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በኩል ሥራውን ራሳቸው ያዙት። "ፍሬኑን ልቀቅ! ማርሹን አውጣ! እናንተ ደግሞ ወሬውን ትታችሁ ግፉ! ቢስሚላህ በሉ!" ከውስጥ ሆነው፣ ምንም ሳያዩ፣ ከሁላችንም የተሻለ መሩ። መኪናዋ ተገፍታ በሩ ሲከፈት ሽርጣቸውን አስተካክለው፣ ኮፊያቸውን አቃንተው በእርጋታ ወጡ። እጃቸውን ታጥበው የባለቤቴን ትከሻ ያዙና "ልጄ፣ ይቺን ሴት በጩኸት አትግደላት። ለመኪናህ የኋላ ዓይን ግዛለት። ድሬዳዋ ያለው ልጄ መኪና ላይ አለ፤ አይቼዋለሁ" አሉት።

ወደ ጭሮ ስንመለስ ባለቤቴ አላንጎራጎረም። ከተማው ሲታየን "ካሜራ እንገዛለን" አለ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም።

ካሜራ የሚሸጠው ባለሱቅ ስልክ፣ የፀሐይ መብራትና ቴሌቪዥን ጭምር ይነግዳል። የፕሮቴስታንት አማኝ ነው፤ ሱቁ ውስጥ መዝሙር አይጠፋም። አንድ ጠባይ አለው፤ መዋሸት አይችልም። ይህ ለነፍሱ መልካም ሊሆን ይችላል፣ ለገዢ ግን አድካሚ ነው።

"ይሄ ጥሩ ነው" አለና አንዱን አወጣ። "ዝናብ ግን አይወድም።"

"ያኛውስ?"

"ያኛው ዝናብ ይችላል። ፀሐይ ሲበዛበት ግን ይፈዛል።"

"ፀሐይ የማይችል ካሜራ ቦርደዴ ወስጄ ምን ላደርገው ነው?" አለ ባለቤቴ።

"እሱን ነው የምልህ። አትግዛው።"

ባለቤቴ ከሁሉ አስቀድሞ የወደደው ትልቁን ስክሪን ነው። ምግብ የሚቀርብበት ትሪ ያህላል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢቆም የፊቱን መስታወት ግማሽ ይሸፍናል። "ወደፊት ማየቱንም ልትተው ነው?" አልኩት። ሳይወድ በግዱ አስቀመጠው።

ቀጥሎ ካሜራው የት ይታሰር የሚለው ጉዳይ መጣ። ባለሱቁም ባለቤቴም፣ ሱቅ ውስጥ ሻርጀር ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውም፣ ሦስቱም በአንድ አፍ "ፒካፗ ቂጥ ላይ ነዋ" አሉ።

"እዚያ ከታሰረ የሚያሳየን የተሳቢዋን ግንባር ነው" አልኳቸው። "እሱንማ ዞር ብሎ ማየት ይቻላል። ካሜራው መታሰር ያለበት ተሳቢዋ መጨረሻ ላይ ነው።"

ሻርጀር ሊገዛ የመጣው ሰውዬ "እውነቷን ነው" ብሎ ሻርጀሩንም ሳይገዛ ወጣ።

ተሳቢዋ ላይ ይታሰር ከተባለ ግን ገመዱ ከኋላ ተነስቶ፣ ተሳቢዋ በምትያያዝበት ጋንች ላይ አልፎ፣ እስከ ሾፌሩ ድረስ መምጣት አለበት። እኛ ደግሞ ተሳቢዋን በየጊዜው እንፈታታለን፤ ገመዱ አንድ ቀን ተረስቶ እንደሚበጠስ ታየን። ስለዚህ ምስሉን ያለ ገመድ የሚልከውን መረጥን። ባለሱቁ ካሜራውን መደርደሪያ ላይ ወደ መንገዱ አዙሮ፣ እኔን ውጪ ድረስ ሄጄ እንድመለስ አዘዘኝ። ስመለስ ባለቤቴ በትንሿ ስክሪን ላይ አፍጥጧል።

"እንዴት ነው? ጥሩ ያሳያል?" አልኩት።

"ሂጃብሽ ከኋላ ተጣሟል" አለኝ።

ካሜራውን ያሰረልን መናኸሪያው አካባቢ የሚሠራ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ አፉ ግን ይቀድመዋል፤ የምትነግረውን ሳትጨርስ "ገብቶኛል" ይላል። ካሜራው ተሳቢዋ መጨረሻ ላይ መታሰር እንዳለበት ልነግረው ስጀምር "ገብቶኛል" አለ። የት እንደምል ሳይሰማ ምኑ እንደገባው እስካሁን አላውቅም።

መጀመሪያ ሲያበራው ከተማው ተገልብጦ ነበር። ሰማይ ከታች፣ አስፋልት ከላይ፣ ባጃጆች በጣሪያቸው እየተንሸራተቱ። ባለቤቴ አንገቱን አዙሮ፣ ጭንቅላቱን መሪው ላይ አስተኝቶ ለማየት ሞከረ። ኤሌትሪሺያኑ "ይለመዳል" ሊል ሲል የእኔን ፊት አየና ፈትቶ አቃንቶ አሰረው።

ከዚያ ለሙከራ ወደ አንድ ባዶ ሜዳ ሄድን። ሁለት አሮጌ ጎማዎች አራርቀን አቆምንና "በመሃላቸው ግባ" አልነው። አላህ ምስክሬ ነው፣ ተሳቢዋ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ክር ሰተት ብላ ገባች። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ባለቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣና፣ ልክ ሌላ ሰው እንደነዳው ሁሉ፣ "ገባች እንዴ?" አለ።

ኤሌትሪሺያኑ ግን ስክሪኑን አይቶ ራሱን ያዘ። "ቆይ፣ ተሳስቷል። ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። የግራውን ጎማ በቀኝ በኩል ነው የሚያሳይህ። እንደ ስፖኪዮ መሆን ነበረበት።" መብራት ከሚቀበልበት የካሜራው ገመድ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ ቆርጦ አስተካከለው። አሁን ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ ሆነ። ባለቤቴ ደግሞ ገባና የግራውን ጎማ ገጨ። ወጥቶ እንደገና ሲገባ የቀኙን ገጨ። ሦስተኛ ሲሞክር ሁለቱንም አልነካም፤ ሜዳ ዳር የነበረውን ቁልቋል እንጂ።

ነገሩ የገባን ጎማዎቹ ላይ ቁጭ ብለን ስናወራው ነው። ተሳቢ መሪን በተቃራኒው ትሰማለች። ካሜራውም በተቃራኒው ሲያሳይ ስህተትና ስህተት ተጣፉ፤ ባለቤቴ መሄድ ወደሚፈልግበት የስክሪኑ ጎን መሪውን ማዞር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

"ስህተቱን መልስልኝ" አለ ባለቤቴ።

"አላደርገውም!" አለ ኤሌትሪሺያኑ። "ሰው ቢያይ ምን ይለኛል? ግራና ቀኝ የማያውቅ ይለኛል።"

"የምነዳው እኔ ነኝ ወይስ ሰው?"

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ የተቆረጠችውን ሽቦ መልሶ አያያዘና በናስትሮ ጠቀለላት፤ ማን እንዳሰረው ለማንም ላንናገር ግን ቃል አስገባን። ይህን ቃል ያጠፈው ራሱ ነው፤ በሳምንቱ መናኸሪያ አካባቢ "ለተሳቢ የሚሆን ልዩ አገጣጠም አገኘሁ" እያለ ሲያወራ ሰማሁት።

የመጀመሪያው ሥራችን ቦርደዴ ላይ የተደገሰ ሰርግ ሆነ። ቦርደዴ ቆላ ነው፤ ገና በማለዳው ፀሐዩ ይጠብስ ነበር። የሙሽራው ቤት ግቢ በደረቀ እሾህ የታጠረ ሲሆን በሩ ጠባብ ነው። ባለቤቴ እኔን ከመኪና አወረደኝና "አንቺ ጥላ ስር ሂጂና አረፍ በይ። ከእንግዲህ አትደክሚም" አለኝ። አነጋገሩ ሚኒስትር ያስመስለው ነበር። እኔም ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃና ቴምር ሰጡኝ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ደስ እንደሚል ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ቴምሩን ሳልጨርስ ክላክስ ተሰማ።

"ላሚቱን አባርሩልኝ!" ይላል ባለቤቴ።

"የቷን ላም?" አሉ በር ላይ የቆሙት።

"ከኋላዬ የቆመችውን!"

ሁላችንም ከተሳቢዋ ኋላ አየን። ላም የለም። ባለቤቴ ራሱ ወርዶ ዞሮ አየ፣ ጎንበስ ብሎም ከተሳቢዋ ሥር ፈለገ። የለችም። ተመልሶ ገባና ስክሪኑን ሲያይ ላሚቱ ቆማለች፤ ታመነዥካለች። የሙሽራው አባት በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው አዩና "ላም ናት" ብለው አረጋገጡ። ሮጠው ከኋላ ሄደው "የለችም" አሉ። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የነበረ ወንድ ሁሉ ተራ በተራ ፒካፗ መስኮት ላይ እየተንጠለጠለ ላም ማየት ያዘ። አንዱ ሽማግሌ "አዑዙ ቢላህ" ብለው ራቅ ብለው ቆሙ። አንዲት ሴትዮ በወንዶቹ መሃል ተሽሎክልካ አንገቷን አስገባችና ጮኸች፦

"ይቺማ የጎረቤታችን ላም ናት! አንድ ቀንዷ የተሰበረው! እንዴት አድርጋ እዚህ ውስጥ ገባች?"

ባለቤቴ ላቡን ጠረገ። ስክሪኑ ላይ ፎጣ ጣለበትና ወደ እኔ ተጣራ። "ነይ እስቲ፣ ምሪኝ።"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያን ቀን የለበስኩት ሂጃብ ብርቱካንማ ነበር፣ ከሩቅ የሚታይ። ከተሳቢዋ ኋላ ገባ ብዬ ቆምኩና ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ እያወዛወዝኩ "ና! ና! ምንም የለም፣ ና! በለው!" ማለት ጀመርኩ። ተሳቢዋ ቀስ እያለች መጣች። በዚህ መሃል ከእሾሁ አጥር ማዶ ሌላ ሞተር አጓራ። እኔ ሥራዬ ላይ ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም። "ና! ና! ና!" አልኩ። በጎን በኩል ያለው አጥር አበጠ። ከዚያ ተንቋቋ፣ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻም የአንድ ጭነት መኪና ቂጥ እሾሁን በርግዶ ሰርጉ ግቢ ውስጥ ብቅ አለ።

ሴቶቹ እልል ይበሉ ይጩሁ ግራ ገባቸው። አንዳንዶቹ ሁለቱንም አደረጉ። ሾፌሩ ዘሎ ወረደና በእሾሁ መሃል ተጎትቶ ወጣ፤ ሸሚዙ ላይ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል።

"ያቺ ብርቱካን ሂጃብ የለበሰች ሴትዮ የታለች?"

እጄን ገና አላወረድኩም ነበር። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ና ና ብለሽ አይደል እንዴ የጠራሽኝ?"

"እኔ የጠራሁት ባሌን ነው! አንተን ምን አውቄህ!"

"በስክሪኔ እኮ ነው ያየሁሽ! እጅሽን እያወዛወዝሽ! ወደ ኋላ ስሄድ ልትረጂኝ የመጣሽ ጎረቤት መስለሽኝ፣ አላህ ይስጣት ብዬ መርቄሻለሁ!"

መጀመሪያ የሳቁት የሙሽራው አባት ናቸው። ከዚያ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩ ራሱ ቅርንጫፉን ከሸሚዙ እየነቀለ ሳቀ። ሁለቱ ሾፌሮች አንዱ የሌላውን መኪና ሲያዩ ካሜራው አንድ ዓይነት፣ ስክሪኑም አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። መኪኖቹ ከአጥሩ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደተለያየ አቅጣጫ አዙረው ስለቆሙ፣ የእኛ ሾፌር ለእነሱ ካሜራ ይቀርብ ነበር፣ የእነሱ ሾፌር ደግሞ ለእኛ። ስክሪኑ የሚያሳየው በቅርብ ያገኘውን ነው። ባለቤቴ የእነሱን ላም ያያል፤ ያ ምስኪን የእኔን ሂጃብ። ላሚቱ ግን ከሁላችንም ብልህ ሆና መኪናው ሲያጓራ ዞር ብላ ነበር። ኋላ በተከፈተው ቀዳዳ ገብታ ለማገዶ የተቆለለውን እንጨት አሽትታ፣ አልጣማት ሲል ተመለሰች።

የጎረቤትየው አባወራ መጥተው የወደቀውን አጥር አዩ፤ የሙሽራው አባትም አዩ። "ቦታ ጠቦን ነበር" አሉ የሙሽራው አባት። "እንግዲያው ጨርሰን እናንሳው" አሉ ጎረቤቱ። የቀረውን እሾህ አንስተው ሁለቱን ግቢ አንድ አደረጉት። ድንኳኑን በሁለቱ ግቢ ላይ አንጣለን ተከልን፤ ያን ያህል የሰፋ ድንኳን ከዚያ ወዲህ አልተከልንም። ያ ሾፌርም ሸሚዝ ቀይሮ መጥቶ ሲጨፍር አመሸ፤ ባየኝ ቁጥር እጁን ከፍ አድርጎ "ና! ና!" ይለኝ ነበር።

ጭሮ ተመልሰን ለኤሌትሪሺያኑ ስንነግረው ላሚቱ ጋ ሳንደርስ "ገብቶኛል" አለ። ባለሱቁ ግን እስከ መጨረሻው አዳምጦን አዘነ፤ ካሜራውን ተቀብሎ በባለገመዱ ቀየረልን። ጋንቹ አጠገብ የምትነቀልና የምትሰካ ሶኬት ተሠራችለት። በእርግጥ አንድ ቀን ተረስታ ተበጥሳለች፣ ግን በናስትሮ ተጠግና እስከ ዛሬ ትሠራለች። ከዚያ ወዲህ ስክሪናችን ላይ የሌላ ሰው ላም ገብታ አታውቅም።

የቀረሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ብቻውን ወደ ኋላ ሲገባ እኔ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እረፍት ነበር፤ ኋላ ግን እጄን የማኖርበት አጣሁ። አንድ ቀን "እኔም ልንዳ" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ወደዚያው ባዶ ሜዳ ወሰደኝ። ስለዚያ ሜዳ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ባልና ሚስት እርስ በርስ መንዳት መማማር እንደሌለባቸው ብቻ ልናገር። የቀረውን ማሠልጠኛ ገብቼ ተማርኩና መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።

ባለፈው፣ እዚሁ ጭሮ ዳገቱ ላይ ካለ ለቅሶ ቤት ስንጠራ፣ ባለቤቴ የድንኳን ብረት ሲያነሳ ወገቡን ይዞት ነበር። ተሳቢዋን በጠባቧ ቅያስ ወደ ኋላ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሴት መሪ ላይ ሲያይ መንደሩ ሁሉ ሊመራኝ ወጣ፤ ባለቤቴም ወገቡን ይዞ ከሁሉም በላይ ይጮሃል። መስኮቱን ዘግቼ ስክሪኑን ብቻ አየሁ። ከኋላዬ ግድግዳ አለ፣ አንድ በርሜል አለ፣ የባለቤቴ ሁለት እጆች በአየር ላይ ይርመሰመሳሉ። መሪውን ቀስ አድርጌ አዞርኩ፣ መለስኩ፣ ተሳቢዋም በርሜሉን በትንሹ አልፋ ግድግዳው ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዝኩ።

ስወርድ ባለቤቴ ዞሮ ዞሮ አያት። አንድ እንከን እንደሚፈልግ ያስታውቅበታል። ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ከግድግዳው ያላትን ርቀት በክንዱ ለካ፤ ምንም አላገኘም።

"ከባድ ቦታ ነበር" አለ በመጨረሻ። "በይ፣ የወንበሮቹን ገመድ ፍቺው፤ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል።"

ገመዱን ፈታሁና ወንበር ማውረድ ጀመርን።